በቀይ ሪባን የጻፍኩት ርዕስ

ባለፈው ወር ሁሩሙ ከተማ ለቅሶ ደርሼ ወደ መቱ ስመለስ፣ በሚኒባሱ የኋላ መቀመጫ ላይ ከሦስት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ጋር ተጣብቄ ተቀመጥኩ። ዝናቡ እንደ ልማዱ ይወርዳል፤ መስኮቱ አልዘጋ ብሏል፤ ረዳቱ "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ አንድ ሰው ብቻ" እያለ ያንን አንድ ሰው አራት ጊዜ ጫነው። ከተማሪዎቹ አንዷ ስልኳን አውጥታ ለጓደኞቿ ፎቶ አሳየቻቸው። አንድ ወጣት ነው። ሸሚዙ ትከሻው ላይ ተቀዷል፤ ፊቱን ወደ ጎን ሊያዞር ሲሞክር የማን እንደሆነ የማይታወቅ እጅ አገጩን ይዞ ወደ ካሜራው መልሶታል። ከሥሩ "ይህን ሌባ ይወቁት፣ ሼር ያድርጉ" የሚል ተጽፏል። ስልኩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። አንዱ "መናኸሪያ አካባቢ የማየው ሰውዬ መሰለኝ" አለ፤ ሌላዋ "ዓይኑ ራሱ ያስታውቃል" አለች። እኔም ከማን አንሼ ብዬ መነጽሬን አወጣሁና አየሁት። ዓይኑ የሚያስታውቀው ነገር ቢኖር መፍራቱን ነው። ስልኩ ወደ መሀል መቀመጫ ሲደርስ፣ ነጠላ የተከናነበች አንዲት ሴት ሳታየው በእጇ ጀርባ መለሰችው።

"አላይም" አለች። "አንቺ በዓይንሽ አይተሽዋል፣ የኔ ልጅ?"

"ሲሰርቅ? አይ፣ እኔ አላየሁም እትዬ። ግን ሰው ሁሉ ሼር አድርጎታል።"

"ሰው ሁሉ እዚያ ነበር?"

ተማሪዋ ሳቅ ብላ ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ሴትዮዋ ፊቷን ስትመልስ አወቅኳት። ሃያ ምናምን ዓመት አልፎ፣ ጉንጯ ሞልቶ፣ ፀጉሯ ከግንባሯ ላይ ሸብቶ እንኳ ጫልቱን አወቅኳት። ትንሽ እንደሄድን አጠገቧ የነበረው ሰውዬ ወረደ፤ እኔም የተማሪዎቹን ጉልበት እየረገጥኩ ሄጄ ቦታውን ያዝኩ። "እትዬ ዘነበች!" ብላ አገላብጣ ሳመችኝ። ስለ ጤና፣ ስለ ልጆች፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቅን። ኖፓ እንዳገባች፣ ባሏ እንዳረፈ፣ አንዲት ሴት ልጅ እንዳለቻት ነገረችኝ። መኪናው ጭቃውን እየገመሰ ሲሄድ እኔ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ መቱ ሳንገባ ልነግራት ይገባል።

ያኔ እኔ መቱ ፍርድ ቤት ፊት ለፊት፣ በአንድ ሱቅ የቆርቆሮ ጥላ ሥር በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ የምጽፍ መኪና ጻፊ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱ ቋንቋ ተለውጦ ሁሉም ነገር በቁቤ መጻፍ የጀመረበት ዘመን ነው። የአማርኛ መኪናዬ ሥራ ሲፈታብኝ፣ አንድ አሮጌ የላቲን ፊደል መኪና ከጎሬ አስመጥቼ ፊደሉን ከገዛ ልጄ ደብተር ላይ ተማርኩ። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጬ ባለጉዳዩን "በየትኛው ልጻፍልህ?" እለዋለሁ። ገበሬው በኦሮምኛ ይነግረኛል፣ ነጋዴው በአማርኛ፤ መሀል ላይ ቋንቋ ቀይሮ የሚያለቅስም አለ። አንድ ገጽ በአንድ ብር እጽፍ ነበር፤ ካርቦን ከገባበት ትንሽ እጨምራለሁ። ሻይ በሃያ አምስት ሳንቲም ነው፣ ያውም ብርጭቆው ጢም ብሎ። ማዕዘኑ ላይ ካለው ካሴት ቤት የኦሮምኛና የአማርኛ ዘፈን በየተራ ይለቀቃል፤ ካሴቱ ሲጣመም ልጁ በእስክሪብቶ እያሽከረከረ ሲያቃና ሰፈሩ ጸጥ ይላል። ሴቱ ኮንጎ ጫማ፣ ወንዱ ቦቲ አድርጎ ነው ፍርድ ቤት የሚቀርበው፤ በዚያ ጭቃ ቆዳ ጫማ የሚያደርግ ሰው ካየን ከአዲስ አበባ የመጣ ነው እንላለን።

ሥራዬ የሰው በደል መጻፍ ስለነበረ፣ ሰዉ ስለ ወንጀል እንዴት እንደሚያወራ ከእኔ በላይ የሰማ የለም ብል አላጋነንኩም። ስርቆት የሚለው ቃል ከአፍ አይወጣም ነበር። "እጁ ተሳሳተብኝ" ይሉኛል። "ሰይጣን አሳስቶት ነው እንጂ የደህና ሰው ልጅ ነው" ይሉኛል፣ በሬያቸውን ስለነዳባቸው ሰው። እኔ መንጋጋዬን ነክሼ "አባቴ፣ ሰይጣንን ልክሰስልህ ወይስ ሰውየውን?" እላለሁ። ብዙዎቹ እኔ ዘንድ የሚመጡት መጀመሪያ ኦቦ ዲንሳ ጋ ሄደው ነው። ኦቦ ዲንሳ የገበያው ለፋፊ ነበሩ፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ካፖርታቸውን ክረምት ከበጋ የማያወልቁ ሽማግሌ። በገበያ ቀን ከመግቢያው አጠገብ ያለው ድንጋይ ላይ ይወጡና "ያ ነመ ገበያ፣ ዸጌፈዻ!" ሲሉ፣ የገበያ ሰው ሆይ ስማ ማለታቸው ነው፣ ጨው የሚሰፍረው እንኳ እጁን ይገታል። ከዚያ የጠፋውን ዕቃ ይጠራሉ። "ቀይ ጥጃ፣ ግራ ጆሮዋ የተቆረጠ። አጥሬ እስከሚመጣው ገበያ ክፍት ነው" ይላሉ፤ በቃ። ማን እንደወሰደ ቢያውቁም ትንፍሽ አይሉም። የጠፋው ዕቃ ሳምንት ሳይሞላው እሳቸው አጥር ሥር ይገኛል፤ ማን እንዳስቀመጠውም አይጠየቅም። አንድ ጊዜ የአንድ መምህር ራዲዮ ጠፍቶ ሲመለስ አዲስ ባትሪ ገብቶበት ተገኘ። መምህሩ ሌባውን አግኝቼ ባመሰግነው እያለ ሲስቅ ከረመ።

የድሮው ሁሉ ማር ነበር ልል አይደለም፤ እንደዚያ የሚሉ እኩዮቼን ስሰማ ደሜ ይፈላል። በዚያው ለስላሳ አነጋገር የተሸፈነ ስንት ጉድ ነበር። አንዲትን ልጅ ከምንጭ መንገድ ላይ ጠልፈው ወስደው፣ ሽማግሌ ተቀምጦ ላም ተነድቶ "ታርቀዋል" ሲባል እኔው ራሴ የዕርቁን ወረቀት ጽፌያለሁ። ልጅቷ አጠገቤ ቆማ ነበር፤ አንድም ሰው ምን ትያለሽ አላላትም፣ እኔም ጭምር። ዛሬ ያ ነገር በስሙ ወንጀል ተብሎ ሲጠራ ስሰማ ደስ ይለኛል። ለተበደለ ሰው ዝምታ መድኃኒት አይሆነውም። እኔ የማወራው ስለ ሌላው ነገር ነው፤ ምን ጠፋ የሚለውን ትተን ማን ነው በሚለው ስለመጀመራችን። መቱ ውስጥ ይህን ከጀመሩት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ።

ከፍርድ ቤቱ ወረድ ብሎ የከድር ልብስ ስፌት ነበር። ከድር ልጅ ሆኖ ከስልጤ የመጣ፣ ሜትሩን አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ የሚውል፣ ሱሪ ለክቶ "ቦርጭህን ልለካ ወይስ ልተወው?" እያለ ሰው የሚያስቅ ሰፊ ነው። ጫልቱ የእሱ ጥልፍ ሠሪ ነበረች። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆናት ነው። በር ላይ በርጩማ አውጥታ፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች የምትጠልፈውን ለማየት ቢሮ የሚያረፍድ ጸሐፊ ነበር። ከሰዓት ሥራ ሲቀዘቅዝ እሷ ወደ እኔ፣ እኔ ወደ እሷ እየተመላለስን ሻይ እንጠጣለን። በዚያ ዓመት የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሼ ተሾመ ልጃቸውን ሊድሩ ተነሡና የመልስ ቀሚሷን ለከድር ሰጡት። ነጭ ሆኖ ደረቱና ጠርዙ የቡና ቅጠል በሚመስል አረንጓዴና ወርቃማ ክር የተጠለፈ ነው፤ ጫልቱ ሁለት ወር ሙሉ ደከመችበት። አንዳንዴ ሥራዋን ትታ በመዳፏ ስትዳብሰው አያታለሁ። "ምነው፣ ልታገቢው ነው?" ስላት ትስቃለች። ሰርጉ አራት ቀን ሲቀረው ቀሚሱ ከመደርደሪያው ላይ ታጣ።

ከድር መደርደሪያውን አራገፈ፣ ጣሪያው ሥር ሳይቀር ፈለገ። የለም። ወሬው ወዲያው ጫልቱ ላይ አረፈ፤ ያንን ያህል የወደደችውን ቀሚስ እንዴት ትስጥ፣ ተባለ። ጋሼ ተሾመ ተቆጥተው ኦቦ ዲንሳ ጋ ሄዱ። ኦቦ ዲንሳ ቀሚሱን እጠራለሁ አሉ። ጋሼ ተሾመ ሴትዮዋን ይጥሩልኝ አሏቸው። "እኔ ዕቃ ነው የምጠራ" አሉ ሽማግሌው፤ "ዕቃ አጥሬ ሥር ይመለስልኛል። ሰው ጠርቼ የት ላስቀምጠው?" ጋሼ ተሾመ ከዚያ ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። በረንዳው ላይ ጃንጥላቸውን እያራገፉ፣ "ዘነቡ፣ አምስት ወረቀት ጻፊልኝ፤ የሚለጠፍ" አሉኝ።

እምቢ ማለት እችል ነበር። ከእኔ ወዲያ ሁለት መኪና ጻፊዎች ነበሩ፣ እዚያ ይሂዱ ነበር። ግን ጋሼ ተሾመ ትልቅ ደንበኛዬ ናቸው፤ ደግሞም፣ እውነቱን ልናገር ካልኩ አይቀር፣ የሚለጠፍ ነገር ጽፌ አላውቅም ነበርና ጓጓሁ። ካርቦኑን አስገብቼ እሳቸው ያሉኝን ጻፍኩ። ያሉኝ "ከከድር ሱቅ የመልስ ቀሚስ ጠፍቷል፤ በሱቁ በምትሠራው በጫልቱ ላይ ጥርጣሬ አለኝ፤ ያየ ይንገረኝ" የሚል ነው። ሳየው አላማረኝም። ርዕስ የለውም። ሪባኔ ግማሹ ጥቁር ግማሹ ቀይ ነበር፤ ቀዩን የምነካው ከስንት አንዴ ነው። ጋሼ ተሾመን ሳልጠይቅ አናቱ ላይ፣ ፊደሎቹን ፈንጠር ፈንጠር አድርጌ፣ "ሌባዋን ይወቋት" ብዬ ጻፍኩ። ለካርቦኖቹ ቀይ ስለማይወጣላቸው አራቱን አንድ በአንድ መኪናው ላይ መልሼ አስገብቼ ርዕሱን አቀላሁላቸው። ጋሼ ተሾመ አንብበው፣ "እንዲህ ነው እንጂ!" አሉ። እኔም ደስ አለኝ። አሁን ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ያን ቀን ግን ደስ ብሎኝ ነበር።

ወረቀቱ ወፍጮ ቤቱ፣ መናኸሪያው፣ ሻይ ቤቱ፣ የገበያው መግቢያና ከድር ሱቅ ፊት ለፊት ያለው ግንድ ላይ ተለጠፈ። ከሰዓት ላይ ጫልቱ እየሮጠች እኔ ጋ መጣች። ሻሿ ከራሷ ላይ ወርዷል። "እትዬ ዘነበች፣ አዩልኝ? ሌባ አሉኝ እኮ! ማን ነው የጻፈው?" እያለች ጉልበቴ ላይ ወደቀች። ሁለቱ መኪናዎች አጠገባችን ናቸው። ፀጉሯን እየዳበስኩ፣ "ማን እንደጻፈው እግዜር ይወቀው፣ የኔ እናት። ተይው፣ ዝናቡ ያረግፈዋል" አልኳት። ሻይም አስመጥቼ አጠጣኋት። ከዚያ ቀን በኋላ ጥልፍ የሚያሠሩ ሴቶች ሱቁ ገብተው እሷን ሲያዩ ጨርቃቸውን መልሰው ያጥፉ ጀመር። ከድር አላባረራትም፤ እሱ እንኳ ማታ ሱቁን ሲዘጋ መደርደሪያውን አየት ያደርግ እንደነበር እሷም አይታለች።

ሰርጉ በሌላ ቀሚስ አለፈ። በሦስተኛው ሳምንት፣ በገበያ ቀን፣ ከሶር ወንዝ ማዶ አንዲት ገበሬ በኮባ ቅጠል የተጠቀለለ ነገር ታቅፋ ከድር ሱቅ ገባች። የልጇን ዩኒፎርም ልትወስድ መጥታ ከድር ራሱ በችኮላ የተሳሳተ ጥቅል ሰጥቷት ኖሯል። ቤቷ ገብታ ስትፈታው ደነገጠች፤ ልትመልስ ብትነሣ ወንዙ ሞልቶ መንገድ ዘጋባት። ጠብታ ውኃ ሳይነካው ቀሚሱን አመጣችው። ሌባ የሚባል ሰው ከመጀመሪያውም አልነበረም። ከድር ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ። ጋሼ ተሾመ ወረቀቶቹን ራሳቸው ገነጣጠሉና "ተገኘ አይደል? አለቀ በቃ" አሉ።

እኔ ግን አላለቀልኝም። ማድረጌን ሳልናገር ማስተካከል ፈለግሁ። ኦቦ ዲንሳ ጋ ሄጄ ጫልቱ እንዳልሰረቀች በገበያ ይጥሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። "ልጄ፣ እኔ ሰው አልጠራም። ለደግም ቢሆን አልጠራም" አሉኝ። አለቀስኩባቸው፤ ከድርንም አምጥቼ አስለመንኩ። በመጨረሻ እሺ አሉ። በገበያው ቀን ድንጋዩ ላይ ወጥተው በዚያ በሚሰማ ድምፃቸው፣ ከድር ሱቅ የምትጠልፈው ጫልቱ አልሰረቀችም፣ ቀሚሱ ተገኝቷል፣ ብለው ሦስት ጊዜ ተጣሩ። ወረቀቱን ያላየ፣ ቢያይም ማንበብ የማይችል የገጠር ሰው ገበያውን ሞልቶታል። ከጎኔ ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት፣ "ጫልቱ ማን ናት?" ብላ ጠየቀች። "የሰረቀችዋ ናት" አለቻት ሌላዋ። "ምን ሰረቀች?" "ቀሚስ ነው አሉ። መለሰች መሰለኝ።" ጫልቱ ሱቁ በር ላይ ቆማ ሰው ሁሉ ዞሮ ሲያያት አየሁ። ኦቦ ዲንሳ ከድንጋዩ ወርደው አጠገቤ ሲደርሱ፣ "ምን አስደረግሽኝ?" ብለውኝ አለፉ። በሳምንቱ ጫልቱ ጓዟን ይዛ ኖፓ አክስቷ ጋ ሄደች። ሰው መሰናበት እንኳ ሳትችል ነው የሄደችው።

ዛሬ ልጆቹ ስልካቸው ላይ እንዲህ ያለ ፎቶ ሲያዩ ደጋግሞ የሚመጣብኝ ያ ገበያ ነው። የልጅ ልጄ "እማዬ፣ የለጠፉት ሰዎች ሲሳሳቱ እኮ ይቅርታ ብለው ያወጣሉ" ይለኛል። ያወጣሉ፤ አይቻለሁ። ከሥሩ "ደግሞ ይኼ ማን ነበር?" እያለ የሚጠይቅ ሰው ይሰበሰባል፤ አንዱ ተነሥቶ የመጀመሪያውን ፎቶ መልሶ ይለጥፍለታል። ያ በሚኒባሱ ያየሁት ወጣት ሰርቆ ይሁን አይሁን እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ከሰረቀ ፖሊስም ዳኛም አለ፤ ቅጣቱም ልክ አለው፣ አንድ ቀን ያልቃል። አገጩን የያዘው እጅ ግን መቼ እንደሚለቀው እንጃ።

የዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ከሩቅ ሲታይ ጊዜ እንደሌለኝ ገባኝ።

"ጫልቱ" አልኳት፣ "ያንን ወረቀት የጻፍኩት እኔ ነኝ።"

"የቱን ወረቀት?" አለች፤ ሌላ ወረቀት እንደሌለ እያወቀች።

"ርዕሱን ጋሼ ተሾመ አላሉኝም። ሌባ የሚለውን ከራሴ ነው ያወጣሁት።"

የመስታወቱ መጥረጊያ ይንጫጫል፤ ከኋላ ተማሪዎቹ ስለ ፈተና ያወራሉ።

"ሻይ ያጠጡኝ ቀንስ?"

"ያን ቀን ጽፌው ነበር።"

"ጋሼ ተሾመ ሲሞቱ ለቅሶ አልደረስኩም" አለች ዓይኗን ከመንገዱ ሳታነሣ። "ልጃቸው መንገድ ላይ ሰላም ስትለኝ ፊቴን አዞርኩባት። ሃያ ምናምን ዓመት እሳቸውን ነው የረገምኩት፣ እትዬ። ለእርስዎ ደግሞ በየገና ስጸልይልዎ ነበር፤ ያን ቀን ያጽናኑኝ እርስዎ ብቻ ነበሩና።"

"ይቅር በይኝ" አልኳት።

"ይቅር ይበልዎ። እኔም ይቅር እል ይሆናል፣ ዛሬ ግን አይጠብቁኝ።" ከዚያ ድንገት ክንዴን ያዘችኝ። "ልጄ መናኸሪያ ትጠብቀኛለች። እሷ አታውቅም። ባሌም ሳያውቅ ነው የሞተ። ኖፓ ላይ እኔ ጥልፍ የምታውቅ ሴት ነኝ፤ ሌላ ምንም አይደለሁም።"

"እኔ እኮ ልጽፈው አስቤ ነበር" አልኳት። "እንዳልሰረቅሽ ሰው ሁሉ እንዲያውቅ። ከነስምሽ።"

"እንደ ኦቦ ዲንሳ?" አለችኝ። "የራስዎን ይጻፉ፣ አልከለክልዎትም። እኔን ግን አይጥሩኝ።"

መናኸሪያው ደርሰን ስንወርድ፣ ጃንጥላ የያዘች ቀይ ዳማ ልጅ ሮጣ መጥታ እናቷን አቀፈቻት። "እማዬ፣ ማናቸው?" አለች ወደ እኔ እያየች። "እትዬ ዘነበች ናቸው፤ መቱ ሳለሁ ሻይ አብረን እንጠጣ ነበር" አለቻት ጫልቱ። ልጅቷ ዝቅ ብላ ሳመችኝ፤ ቦርሳዬንም ተቀብላ እስከ ባጃጁ ሸኘችኝ። "እናቴን ያኔ ያውቋታል? እንዴት ነበረች?" ብላ ጠየቀችኝ። ጫልቱ ከልጇ ትከሻ ወዲያ፣ ዝናቡ ላይ ቆማ ታየኛለች።

"መቱ ውስጥ እንደ እሷ የሚጠልፍ ሰው አልነበረም" አልኳት።

ይኸው ጻፍኩት። ዘነበች የሚለው የራሴ ስም ነው፤ አልደበቅሁትም። ጫልቱ ግን ጫልቱ አትባልም፤ ያገባችበትም ከተማ ኖፓ አይደለም። ይህን አንብባችሁ ማን እንደሆነች የምታውቁ የመቱ ሰዎች አትጠፉም። እባካችሁ፣ ለደግም ቢሆን አትጥሩልኝ።